የመጨረሻዎቹ ስንኞች ይቆረጡ?

ክርክሩ የተነሣው በአንድ አጋዥ የንባብ መጽሐፍ ሰበብ ነው። ቦታው አቃቂ ቃሊቲ፣ ከአቃቂ ድልድይ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት፣ ወሩም ነሐሴ ይሁን። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሌላዋ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ልጆች መድበል የምታዘጋጅ አርታዒ። ሁለቱንም የፈጠርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ስም አላወጣሁላቸውም፤ የሚሟገቱበት ደራሲ ግን በእውን የነበሩ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ተወልደው በኅዳር 1991 ዓ.ም. ያረፉት፣ የ«ታሪክና ምሳሌ» ደራሲ ከበደ ሚካኤል።

አርታዒዋ፦ ጋሼ፣ «አዝማሪና የውሃ ሙላት» የሚለው የከበደ ሚካኤል ግጥም መድበሉ ውስጥ መግባቱ ላይ ጠብ የለንም። የከበደኝ መጨረሻው ነው። ታሪኩ አለቀ ስንል ደራሲው ይመለሱና ትርጉሙን ራሳቸው ይነግሩናል። ልጁ ገና እያሰበ ነው፤ ሊስቅ ወይም ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ምክሩ ይመጣና ያስዘጋዋል። የዛሬ ልጅ ደግሞ ምክር አልቸገረውም። እቤት ምክር፣ ክፍል ውስጥ ምክር፣ ቴሌቪዥን ሲከፍት ምክር፣ ደብተሩ ሽፋን ላይ ሳይቀር ምክር ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ስንኞች አውጥቼ ጥቂት ጥያቄዎች በቦታቸው ላስገባ አስቤአለሁ። ታሪኩ ይቆያል፣ ስብከቱ ይቀራል። ከበደ ሚካኤልን ለዛሬ ልጅ የሚያተርፋቸው ይህ ይመስለኛል፤ አለበለዚያ አያቶች የሚያመሰግኑት፣ የልጅ ልጆች ግን የማይገልጡት መጽሐፍ ሆኖ ይቀራል።

መምህሩ፦ መቀሱን ከማንሣትሽ በፊት ግጥሙ ምን እንደሚያደርግ አብረን እንየው። መንገደኛ ሲሄድ ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ሲወርድ ያገኛል። ዳር ላይ አንድ አዝማሪ ወዲያ ወዲህ እያለ ይዘፍናል። ምን እየሠራህ ነው ሲለው፣ ውሃው አላሻግር ስላለኝ እያሞጋገስኩት ነው፣ ራርቶ ቢያሳልፈኝ ብዬ ነው ብሎ ይመልሳል። ሌላ መካሪ ቢሆን እዚህ ላይ አዝማሪውን በአጎብዳጅነቱ ይገሥጸው ነበር። የከበደ ሚካኤል መንገደኛ ግን በዚያ አልሄደም። ማወደሱስ ባልከፋ ነበር፣ ችግሩ የምታወድሰው ነገር የማይቆም መሆኑ ነው ይለዋል። ዘፈንህን የሰማው ውሃ ሄዷል፤ አሁን ፊትህ ያለው ገና አልሰማህም። ልብ በዪ፣ ይህ ስለ ጨዋነት የተነገረ ነገር አይደለም፤ ስለ ወራጅ ውሃ የተነገረ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ነው ደራሲው ገብተው ተግሣጽም ጠባይ ካላረመ፣ ሰሚም ካላገኘ መናገሩ ከንቱ ነው የሚሉት። እንግዲህ እኔ የምጠይቅሽ ይህን ነው፦ ይህ ምክር የሚመክረው ምንድን ነው? ምክር ብዙ ጊዜ እንደማይሠራ! አንቺ «ምክር በዛ» ብለሽ ልትቆርጪው ያሰብሽው ስንኝ፣ አንቺ የምትዪውን ነገር ቀድሞሽ ተናግሮ ተቀምጧል።

አርታዒዋ፦ ይህ ለእርስዎ የሚታይ ምፀት ነው፤ ለአራተኛ ክፍል ልጅ አይታይም። ልጅ የሚሰማው አንድ ትልቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲደመድም ነው። ደግሞ ክርክሩን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» የላ ፎንቴንን የቁራና የቀበሮ ተረት ስንኝ በስንኝ አንሥቶ፣ ልጅ የትኛውን ቃል እንደማይረዳ፣ የተረዳውንም እንዴት እንደሚያጣምመው አሳይቷል። ልጅ ከሚሞኘው ቁራ ጋር አይቆምም፤ አይቡን ከወሰደው ቀበሮ ጋር ነው የሚቆመው አለ። ምክሩ «ከሽንገላ ተጠበቅ» ይላል፤ ልጁ የሚማረው ግን መሸንገል እንደሚያዋጣ ነው። ከበደ ሚካኤል ፈረንሳይኛ የተማሩ፣ የላ ፎንቴን ጥላ ያረፈባቸው ደራሲ ናቸው። ሩሶ ለፈረንሳዊው ያቀረበው ክስ ለእኛውም ይደርሳል።

መምህሩ፦ የሩሶን ምስክርነት እቀበላለሁ፤ ፍርዱን ነው የማልቀበለው። ልጅ ከቀበሮው ጋር መወገኑ ምን ያሳያል? ታሪክ ከምክር እንደሚበረታ ነው። ደራሲው «እንዲህ ተረዱት» ብሎ ማኅተም ቢያሳርፍም ልጁ ታሪኩን ይዞ በራሱ በር ይወጣል። ታዲያ ምክሩ ይህን ያህል አቅመ ቢስ ከሆነ ምን አስፈርቶሽ ትቆርጪዋለሽ? እኔ እንዲያውም ምክሩ ልጁን የሚጠቅመው ስለሚያሸንፈው ነው ባይ ነኝ። ማንም ያልተናገረውን ነገር መቃወም አይቻልም። አዋቂው ሐሳቡን ግልጥልጥ አድርጎ ሲያስቀምጥለት ልጁ የሚጋፋው ነገር ያገኛል። በዚህ ግጥም ደግሞ የሚጋፋበት ቀዳዳ ሰፊ ነው። መንገደኛው ብልህ ነው እንበል፤ አዝማሪውም ቂል። እሺ፣ መንገደኛው ራሱ ወንዙን በምን ተሻገረ? ግጥሙ አይነግረንም! እሱም ከአዝማሪው ጋር እዚያው ዳር ላይ ነው የቆመው። ልዩነታቸው አንዱ እየዘፈነ፣ ሌላው እየተቸ መቆሙ ብቻ ነው። አዝማሪው ምክሩን ሰምቶ ዝም ማለቱንም አናውቅም። ሰሚ ያላገኘ ንግግር ከንቱ ከሆነ የመንገደኛውስ ንግግር ሰሚ አግኝቷል? የደራሲውስ? እነዚህ ጥያቄዎች የሚነሡት ምክሩ በቦታው ሲኖር ነው። ምክሩን ካነሣሽው ግጥሙ በአንድ ቂል ላይ የሚሳቅበት ቀልድ ይሆናል፤ ልጁም ስቆ ገጹን ይገልጣል።

አርታዒዋ፦ እርስዎ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ጥሩ ናቸው፤ ግን ክፍል ውስጥ የሚጠየቁት እነሱ አይደሉም። የሚጠየቀው «ከዚህ ግጥም ምን ተማራችሁ?» ነው። መልሱ የመጨረሻዎቹ ስንኞች ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ልጁ ገልብጦ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። የእኛ የራሳችን ተራኪዎች ከዚህ የተሻለ ያውቁ ነበር። እሳት ዳር ተረት የሚነግር ሰው ሲጨርስ ተረቱን እንዲመልሱለት፣ አፉንም በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል እንጂ ትምህርቱን አይዘረዝርም። የሚጠይቀው ዋጋ ሌላ ተረት ነው። ትርጉሙ እንደ ጅራት ተረቱ ላይ የተቀጠለው ማተሚያ ቤትና ትምህርት ቤት ከመጡ በኋላ ይመስለኛል። ታዲያ እኔ ያንን ጅራት ብቆርጥ ወደ ቤታችን ልማድ ተመለስኩ እንጂ ደራሲውን በደልኩ ያሰኛል?

መምህሩ፦ የእሳት ዳሩ ልማድ እንዳልሽው ነው፤ ግን ቤታችን አንድ ክፍል ብቻ አይደለም ያለው። «ፊሳልጎስ» ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው በጥንት ዘመን ነው፤ እንስሳውን ይነግርሽና ወዲያው ምሥጢሩን ይፈታልሻል። ከዐረብኛ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተተረጎመው «መጽሐፈ ፈላስፋ»ም ምሳሌና ምክር አጣምሮ የያዘ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የትርጓሜ ቤቱ አለ። መምህሩ ንባቡን ያነብና አንድም ይህ ነው ይላል፤ ሳይጨርስ አንድም ይህ ነው ብሎ ሌላ ያመጣል፤ ከዚያም ሦስተኛ። ሁለተኛው ስለ መጣ የመጀመሪያው አይሰረዝም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የ«ታሪክና ምሳሌ» የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት በዚህ ዓይነት ቤት ወይም በዚያ አጠገብ ነው። እንዲህ ላለ አንባቢ በግጥሙ መጨረሻ የሚመጣው ትርጉም መደምደሚያ አይደለም፤ የመጀመሪያው አንድምታ ነው። እኛ ነን በኋላ የፈተና መልስ ያደረግነው። ጥፋቱ ፈተናው ላይ ካለ ፈተናውን አስተካክዪ፤ ግጥሙን ለምን ትቀጪዋለሽ?

አርታዒዋ፦ ይህ ጠንከር ያለ መልስ ነው፤ ለጊዜው ልለፈው። ስለ ተረት ነጋሪ ካነሣን ግን አባባ ተስፋዬን እንዴት እንርሳቸው? ከ1957 እስከ 1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆች ፊት ተቀምጠው ተረት የነገሩ ሰው ናቸው፤ 42 ዓመት ማለት ነው። የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች እያሉ የጠሯቸው ልጆች አድገው ልጅ ወልደው፣ ልጆቻቸውም በተራቸው ተመልክተዋቸዋል። የልጆች ደራሲ ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ድምፃቸው ጆሯችን ውስጥ የቀረው አባባ ተስፋዬ ይቀድሙ የለ? በፊታቸው፣ በድምፃቸው፣ በእንስሳቱ ጩኸት ነበር የሚያስተምሩት። ከበደ ሚካኤል ለልጅ ጻፉ ቢባልም ቋንቋቸው የቢሮ ሰው ቋንቋ ነው። «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ»ን በ1941፣ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን በ1946 ዓ.ም. ያሳተሙ፣ በትምህርት ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት የሠሩ ሰው፣ ሕፃን ፊት ሲቀመጡም ከረባታቸውን አላወለቁም።

መምህሩ፦ ከረባቱን ተዪውና የአባባ ተስፋዬን ጉዳይ በደንብ እንየው። እኔ አላወዳድርም፤ ሥራቸው ይለያያል። ተራኪ ፊት ለፊትሽ ሲኖር ሁሉ ነገር አለ፤ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ ግን ከተረቱ ጋር የሰውየው ፊትም ይሄዳል። ልጁ ለታናሽ እህቱ ሲነግራት በራሱ ቃል ነው፤ እሱም ደግ ነገር ነው። ግጥም ግን ሌላ ንብረት ነው። ቴሌቪዥን ያልገባበት ቤት፣ አንድ መጽሐፍ ለሃምሳ ልጅ በሚደርስበት ክፍል ውስጥ፣ ልጁ ጥቅሉን እንዳለ በአፉ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የ«አዝማሪና የውሃ ሙላት»ን አጀማመር አስተውዪ፤ ስንኞቹ ተከታትለው በአንድ ድምፅ ቤት ይመታሉ። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። አንዱን ስንኝ የያዘ ልጅ ቀጣዩ በምን እንደሚያልቅ ጆሮው አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ቢረሳ እንኳ ድምፁ ይመራዋል። አነጋገሩም ጥያቄና መልስ ስለሆነ ሁለት ልጆች ተከፋፍለው ሊጫወቱት ይችላሉ። ይህን ያደረጉት ያ ከረባት ያላወለቁ የምትያቸው ሰው ናቸው። ለልጅ መጻፍ እንደ ልጅ መኮላተፍ አይደለም። እኔን የሚያስገርመኝ ከበደ ሚካኤል ለሚኒስትር የሚጽፉበትን ሐሳብ ሳያቀልሉ፣ አጻጻፉን ብቻ አቅልለው ለተማሪ ማቅረባቸው ነው።

አርታዒዋ፦ ሐሳቡን ካነሡ ዘንዳ እሱም ቢሆን ጥያቄ አለበት። እኚህ ሰው የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መሸለም ሲጀምር የመጀመሪያው ተሸላሚ እሳቸው ናቸው። የምክሮቻቸው መዓዛ ታዘዝ፣ ታገሥ፣ ትጋ፣ አክብር የሚል ነው። ሥርዓቱ የሚፈልገውን ዜጋ የሚያሳድጉ ተረቶች ናቸው ብሎ የሚከስ ሰው ቢመጣ ምን ይሉታል?

መምህሩ፦ በከፊል እውነቱን ነው እለዋለሁ። ብዙዎቹ ምሳሌዎች ትጋትንና ትሕትናን የሚያወድሱ ናቸው፤ ዘመኑም ያንን ይጠይቅ ነበር። ግን ክስ ሲቀርብ ማስረጃው አብሮ ይመርመር። በዚያ ዘመን ለባለሥልጣን የሚቀርብ ውዳሴ የዕለት እንጀራ ነበር፤ እሳቸውም በዚያው አየር ነው የኖሩት። እንዲህ ያለ ሰው ለልጆች ሲጽፍ የመረጠው ቂል ማን ነው? ጅብ አይደለም፣ አህያ አይደለም፤ ሙያው ውዳሴ የሆነ ሰው ነው። የሚወደሰውስ? ሞልቶ የሚያስፈራ፣ የማይሰማ፣ ደግሞም በየቅጽበቱ ሌላ የሚሆን ኃይል። ደራሲው ቤተ መንግሥቱን አስበው ጻፉት አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። ግጥሙ ግን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ለሚያነብ ሰው ምን እንደሚለው አስቢ። የሰማው ሄዷል፣ ያልሰማው መጥቷል፤ አዝማሪ ሁሉ ግጥሙን እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረበት። ከዚያም በኋላ እንደገና። የሥርዓት አገልጋይ ነው የምትዪው ግጥም ሥርዓቶቹን እየሸኘ እዚህ ደርሷል።

አርታዒዋ፦ እዚህ ላይ እጅ ልሰጥ ነው መሰለኝ፤ ግን አንድ የቀረኝ አለ። ሐሳቡ የእሳቸው ነው ወይ? ወንዝ ዳር የቆመ ቂል የዓለም ሁሉ ንብረት ነው። ሮማዊው ሆራስ ወንዙ ፈስሶ እስኪያልቅ ድረስ ለመሻገር የሚጠብቅ ባላገር በአንድ መልእክቱ ውስጥ አስገብቷል። «ሮሜዎና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ ያመጡ፣ «ሐኒባል»ን ከካርታጎ ታሪክ የጻፉ ደራሲ ብዙ ነገር ከውጭ መውሰዳቸው ምሥጢር አይደለም። እኔ ለልጆቻችን ከልጆቻችን ምድር የበቀለ ነገር መስጠት እፈልጋለሁ።

መምህሩ፦ ላ ፎንቴንም እ.ኤ.አ. በ1668 የመጀመሪያዎቹን ተረቶች ሲያሳትም ከኤዞፕ ወስዶ ነው፤ ኤዞፕም የግሪክ ነው፤ ፈረንሳዮች ግን ላ ፎንቴንን የእኛ ከማለት አላፈሩም። ዋናው ነገር ዘሩ ከየት መጣ ሳይሆን እዚህ ሲደርስ ምን ሆነ ነው። ሁለቱን ሰዎች እስቲ ጎን ለጎን አቁሚያቸው። የሆራስ ባላገር ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ቂልነቱ ስንፍና ነው። የእኛው አዝማሪ ግን ይሠራል። ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሙያውን ይሠራል፤ ያለው አንድ መሣሪያ ግጥም ነው፣ እሱንም ወንዙ ላይ አዋለው። ከበደ ሚካኤል ሆራስን አንብበውት ይሁን አይሁን ለእኔ ጉዳዬ አይደለም። ሰነፍ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። በሙያው የሚደክም፣ ጥበቡን ግን የማይሰማ ነገር ላይ የሚያባክን ሰው ላይ ስትስቂ ሳቁ ይተናነቅሻል። ይህ ልዩነት የተገኘው አዝማሪ የሚባል ሰው በሚኖርበት፣ ውዳሴ ሸጦ እንጀራ በሚበላበት አገር ነው። ከዚህ ሌላ «ከምድራችን የበቀለ» ምን ማለት ነው?

አርታዒዋ፦ ምድራችን ካሉ እዚሁ አቃቂ እንቁም። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ልጅ ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሊሆን ይችላል። የአያቱ አገር ጉራጌ፣ ወሎ ወይም ወላይታ የሆነና ቤተሰቡ በጨርቃ ጨርቁ ወይም በሌላው ፋብሪካ ሥራ ምክንያት እዚህ የቀረ ልጅም አለ። አማርኛው የመንገድና የጓደኛ አማርኛ ነው። ወንዙም ቢሆን በግጥሙ እንዳለው ዓይነት አይደለም። ግጥሙ ውስጥ ውሃው የደፈረሰው በዝናብ ነው፤ እዚህ የሚያልፈው ግን ከላይኛው ከተማ የፋብሪካውንም የቆዳ ፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ እየሰበሰበ የሚመጣ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ያን ሁሉ ተሸክመው ነው አባ ሳሙኤል ላይ የሚገናኙት። በክረምት ዳር ዳሩ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ወንዝን ማወደስ ጨርሶ የማይገባው ቀልድ ነው።

መምህሩ፦ እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው፤ ግጥሙን ከሁሉ አስበልጦ የሚረዳው የአቃቂ ልጅ ነው። ወንዝ ሲሞላ መንገድ እንደሚዘጋ ማንም አያስረዳውም። የሰማው ያልፋል፣ ያልሰማው ይመጣል የሚለውንም ካንቺና ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ ዛሬ ያለፈው ቀለም ሌላ፣ ነገ የሚመጣው ሌላ ነው። አሁን ይህን ልጅ ምክሩን አስነብቢውና አንድምታ አምጣ በዪው። እንዲህ ሊልሽ ይችላል፦ እዚህ ታች ሆነን ውሃውን አታቆሽሹ ብለን ብንጮህ የሚሰማን ያለፈው ውሃ ነው፤ የሚያቆሽሸው ሰው ያለው ላይ ነው፣ ድምፃችን ደግሞ ሽቅብ አይፈስም። ከበደ ሚካኤል ይህን አላሰቡትም፤ ሊያስቡትም አይችሉም ነበር። ግን ይህን ያለው ልጅ የተነሣው ከየት ነው? ሰሚ ካልተገኘ መናገር ከንቱ ነው ከሚለው፣ አንቺ ልትቆርጪው ካልሽው ቦታ ነው። ቋንቋውን በተመለከተ ያልሽውን አልከራከርም። ሁለት ሦስት ቃል ግርጌ ላይ ፍቺ ይጻፍለት። ወደ አፋን ኦሮሞም ይተርጎም፤ ቤት መምታቱ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ሁለቱ ሰዎችና ወንዙ ግን ይሻገራሉ።

አርታዒዋ፦ እንግዲያው ስለ መሻገር ካነሡ እኔም አንድ አንድምታ ላምጣ። መንገደኛው መፍትሔ የለውም ብለዋል። ምናልባት የደራሲው ድክመት ይህ ነው፤ አትዝፈን ይላሉ እንጂ ድልድይ ሥራ አይሉም። ለልጅ የሚጻፍ ግጥም የማይሆነውን ብቻ ነግሮ ማቆም አለበት?

መምህሩ፦ ይሄ ጥሩ ነው፤ ይሄንን መጽሐፉ ውስጥ አስገቢው። መልሱ ግጥሙ ውስጥ አይደለም ያለው፣ ሌሎች መጻሕፍታቸው ውስጥ ነው። ከበደ ሚካኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ እንዴት እንሻገር? የጃፓኑ መጽሐፍ የተጻፈው ለዚያ ነው፤ ጃፓን ራሷን ሳታጠፋ በምን ተሻገረች ብሎ ይጠይቃል። እዚያ መልሱ ትምህርት፣ ሥራ፣ የመንግሥትና የሕዝብ ትጋት ነው። ትክክል ናቸው አይደሉም ሌላ ሙግት ነው፤ እኔ በበኩሌ ጃፓንን አለቅጥ አሳምረው ያዩ ይመስለኛል። ለልጁ ግን መልሱን አልሰጡትም። ለአዋቂው ድልድዩን በዝርዝር ሲነድፉ፣ ለልጁ ወንዙን ብቻ አሳይተው አቆሙ። እኔ ይህን ድክመት አልለውም። መካሪ ተብለው የተፈረጁ ሰው ዋናውን መልስ ለልጁ ሳይሰጡ መተዋቸው፣ ልጁን ከማናችንም በላይ እንዳከበሩት ያሳየኛል። አባ ሳሙኤል ላይ ውሃውን ገድበው መብራት ያወጡበት ከእሱ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ እንደሆነ ያወቀ ልጅ መልሱን ራሱ ያመጣዋል። ወይም ሌላ ያመጣል።

አርታዒዋ፦ እሺ፤ አልቆርጥም። ግን እንደ ድሮው አድርጌም አላትመውም። አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ታሪኩን በቀኝ ገጽ ላይ ላብቃውና ምክሩ ገጹ ሲገለጥ ይምጣ። ልጁ ለመግለጥ በሚወስድበት ቅጽበት ያስባል።

መምህሩ፦ እንዲህማ አይሆንም። ግጥሙ አንድ ትንፋሽ ነው፤ መንገደኛው ተናግሮ ሳይተነፍስ ነው ምክሩ የሚከተለው። ለሁለት ገጽ ስትከፍይው በሌላ መቀስ መቁረጥሽ ነው። ሙሉውን በአንድ ገጽ አድርጊው። ትይዩው ገጽ ላይ «አንድም» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ጻፊና ከእያንዳንዱ አጠገብ ባዶ መስመር ተዪ። የመጀመሪያው አንድምታ የደራሲው ነው፤ የቀሩት የልጁ ይሁኑ። «ምን ተማራችሁ» የሚለውን ግን አታስገቢብኝ። «መንገደኛው በምን ተሻገረ?» በዪ፤ እሱን የሚገለብጥበት ቦታ አያገኝም።

አርታዒዋ፦ መምህራን ባዶ መስመር አይወዱም፤ እንዴት እናርመው ይላሉ። የመምህሩ መምሪያ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ሊኖርብኝ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ፣ መቁረጡ ቀድሞም የእኔ ሥልጣን አልነበረም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ እሳቸው ያረፉት በ1991 ነው፣ እስከ 2041 ዓ.ም. ድረስ ማለት ነው። ሥራው እንዳይዛባም በዚያው አዋጅ የተጠበቀ መብት አለ። ለማተምም ቢሆን ወራሾቹን መጠየቅ አለብን።

መምህሩ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን አከራከረን?

አርታዒዋ፦ የሚያስፈቅደው ደብዳቤ ላይ «ከጥቂት ማሳጠር ጋር» የሚል ሐረግ ነበረበት። አሁን እሱን አወጣዋለሁ። የትይዩውን ገጽ ግን ንድፉን ከደብዳቤው ጋር አያይዤ እልከዋለሁ፤ ባዶ መስመሮቹ የግጥሙ አካል እንዳይመስሏቸው ከታች ማስታወሻ ቢጤ ይጻፍበት፤ እሱን እርስዎ ቢጽፉት ነው የሚሻለው።

መምህሩ፦ እጽፈዋለሁ። አጭር ግን ነው የማደርገው።